ጥሩአየር አንገት ላይ ያለው ስልክ

በኮሮና ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፤ መረጃ ሰብሳቢዋ ሰርካዲስ አፏን ሸፍና ከአጥር ውጭ ቆማለች፤ ለጤና ጥናቱ ስድስት ዓመት ቤት ለቤት እየመሩ ያዞሯት ወይዘሮ አንጓች ከአጥሩ ውስጥ ናቸው።

አንጓች፦ አልነግርሽም አልኩሽ፣ አልነግርሽም! ሂጂና ጥሩአየርን ጠይቂያት። ስልኩን የሰጣችሁት ለእሷ አይደል?

ሰርካዲስ፦ እማማ፣ ቤት ለቤት መዞር ተከለከለ። ቢሮው ለየጎጡ አንድ ስልክ ላከ፤ የወለደ፣ ያረገዘ፣ የሞተ በዚያ ይነገረን ተባለ። ለእሷ የተሰጠው ቁጥር ስለምታነብ ነው።

አንጓች፦ ቁጥር! ውሻ የያዝኩልሽ፣ በክረምት ወንዝ ያሻገርኩሽ በቁጥር ነው? ማን ቤት ስንት ነፍስ እንዳለ ያለ ደብተር የነገርኩሽ ማን ነው?

ሰርካዲስ፦ እርስዎ ነዎት። ማን ካደ?

አንጓች፦ አሁን እሷ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ገበያ መሃል “ከጥናቱ ቢሮ ነው!” እያለች ትጮሃለች። ትናንት እኮ ሳይጠራ ነው ጆሮዋ ላይ የለጠፈችው። መብራቱ እንኳ አልበራም።

ሰርካዲስ፦ መብራቱን ሳይቀር አይተዋል?

አንጓች፦ ታዲያ ዓይኔን ልጨፍን? አንቺንም አይቼሻለሁ። እሷ በር ላይ ግማሽ ቀን ስትስቂ ዋልሽ፤ እኔ ጋ ስትደርሺ “ርቀት እንጠብቅ”!

ሰርካዲስ፦ እሷም ጋ ከውጭ ነው የቆምኩት፤ ስልኩን እያስተማርኳት ነበር። እማማ፣ ጨንቆኝ ነው የመጣሁት። ከዚህ ጎጥ ሦስት ወር ሙሉ አንድም ነፍሰ ጡር አልተመዘገበም።

አንጓች፦ አንድም? እሰይ! እንኳን!

ሰርካዲስ፦ አለቃዬ “ሴቶቹ መውለድ ተዉ እንዴ?” አለኝ።

አንጓች፦ ጥሩአየር እኮ ድምፁን ለቃ ነው የምታስወራው። ጎረቤቱ፣ ጠላ ሊጠጣ የመጣው ሁሉ እየሰማ የትኛዋ ናት “አርግዣለሁ” የምትል? እኔ ሳዞርሽ ምን አደርግ ነበር?

ሰርካዲስ፦ ባልየውን “እስቲ ከብቶችህን አሳየኝ” ብለው ወደ ጓሮ ይወስዱልኛል። እኔ ሚስትየውን ለብቻዋ እጠይቃለሁ።

አንጓች፦ ይኼን ስልክሽ ያውቃል?

ሰርካዲስ፦ አያውቅም። እሺ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ስልኩ ወደ እርስዎ እንዲዞር ዛሬውኑ እናገራለሁ። አረንጓዴዋን መጫን ብቻ ነው፣ አሳይዎታለሁ።

አንጓች፦ ከአንገቷ ላይ አውልቀሽ?

ሰርካዲስ፦ አውልቄ።

አንጓች፦ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ።

ሰርካዲስ፦ ይሁን። ስንት ናቸው ታዲያ?

አንጓች፦ አራት። ስማቸውን ግን ቅዳሜ ነው የምትሰሚው።

ሰርካዲስ፦ ደህና ከሆኑ እጠብቃለሁ። ራሷን የሚያማት፣ ፊትና እጇ ያበጠ ካለች ግን ለነገ አትባልም። ዓይኗ ብዥ ካለባትማ እሷም ልጇም ሊሞቱ ይችላሉ።

አንጓች፦ እጇ?

ሰርካዲስ፦ አዎ። ምነው?

አንጓች፦ ትናንት ምንጭ ወርጄ፣ አንዷ ጀሪካኗን አስቀምጣ ዓይኗን ታሻለች። ቀለበቷ አልወልቅ ብሏት በሳሙና ትታገላለች። እኔ ደግሞ ወፈረች ብዬ ስቄባት መጣሁ!

ሰርካዲስ፦ ማን ናት እማማ?

አንጓች፦ ስመኝ።

ሰርካዲስ፦ የወይዘሮ ጥሩአየር ልጅ?

አንጓች፦ ሰባት ወሯ ነው። እናቷ የሰው ዓይን ፈርታ በጋቢ ጠቅልላ ደበቀቻት። ከራሷ ስልክም ደበቀቻት!

ሰርካዲስ፦ አምቡላንስ ልጥራ። ያወቁት እርስዎ መሆንዎን ለእናቷ ነግሬ ልጅቷን ልውሰዳት፤ ቢሮውም ይስማ፣ ስልኩ የእርስዎ ነው።

አንጓች፦ አንቺ ቂል! ስሜን ከጠራሽ “ቀንታብኝ ነው” ብላ በሩን ትዘጋብሻለች። “ከሁሉም በልጠሽ ስለሠራሽ መጀመሪያ ያንቺን ቤት እንይ ተባልን” በያት። ጮክ ብለሽ አመስግኛት፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።