የእትዬ ዘርፌ ሁለት ኩላሊቶች

(ደሴ፤ የአንድ ሆስፒታል አልትራሳውንድ ክፍል። ወጣቷ ሐኪም ነጃት ለጥናት የጤነኛ ሰዎችን ኩላሊት ትለካለች፤ ወይዘሮ ዘርፌ አልጋው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል።)

ነጃት፦ እትዬ ዘርፌ፣ ትንፋሽ ይያዙ ስልዎት ወሬም ይያዙ እንጂ!

ዘርፌ፦ ወሬ መቼ ያዢ አልሽኝ? ይልቅ ንገሪኝ፤ የትኛው ይበልጣል?

ነጃት፦ ለጥናት ነው የመጡት። ሁለቱም ይለካል፣ ይመዘገባል፣ በቃ።

ዘርፌ፦ የገዛ ኩላሊቴን ልትደብቂኝ!

ነጃት፦ እሺ በቃ። ግራው አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀኙ ትንሽ ያንሳል።

ዘርፌ፦ ያንሳል? ወይኔ፣ ታሟል ማለት ነዋ!

ነጃት፦ ምን ሲደረግ! ብዙ ጤነኛ ሰው እንዲሁ ነው። ቀኙ ከላዩ ጉበት ስላለ ቦታ ይጠበዋል። ሁለቱም ያማረባቸው ናቸው።

ዘርፌ፦ እሰይ! እንግዲያው ትንሹን ለአሰግድ አውጡለት።

ነጃት፦ አሰግድ ደግሞ ማነው?

ዘርፌ፦ ታናሽ ወንድሜ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመውበት ደሙን በማሽን ያጥቡለታል። ትልቁንማ አልሰጠውም! የአባታችንን መሬት ስንካፈል ወንዝ ዳሩን ወስዶብኛል።

ነጃት፦ እኔ እኮ የምለካ እንጂ የማወጣ አይደለሁም። ገና ስንት ምርመራ አለ። ለመሆኑ እሱ ተስማማ?

ዘርፌ፦ መች ያውቅና! ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም።

ነጃት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ሊባል ነው? ይንገሩታ!

ዘርፌ፦ እኔ? ታላቅ ሆኜ? በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ።

ነጃት፦ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ድንጋይ ይሸከም?

ዘርፌ፦ ቀለል ያለ ይምረጣ!

ነጃት፦ ኩላሊት ሊሰጡት መጥተው አንድ ቃል ይነፍጉታል?

ዘርፌ፦ ኩላሊቱማ ይቀላል፤ እናንተ አስተኝታችሁ ታወጡታላችሁ። ቃሉን ማን ያወጣልኛል?

ነጃት፦ ለእሱ የሚሆን መሣሪያ የለንም። ግን ልንገርዎት፤ ተቀባዩ ሳይፈቅድ ማንም ሐኪም አይነካዎትም። በቆዩ ቁጥር ደግሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ዘርፌ፦ ትናንት ከእጥበት ሲወጣ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አየሁት። ያ መለሎ ሰውዬ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ፈራሁ ልጄ፣ በጣም ፈራሁ።

ነጃት፦ አይዞዎት። እንኩ መጥረጊያ፤ የሆድዎን የምርመራ ቅባትም ዓይንዎንም ይጥረጉበት።

ዘርፌ፦ እንባ አይደለም፣ ቅባቱ ነው።

ነጃት፦ ቅባቱ ዓይን ድረስ ወጣ? ይኸው ስልኬ። ቁጥሩን ከማን እናገኛለን?

ዘርፌ፦ ወዲህ በይው፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ... ሄሎ፣ አሰግድ? ... እኔ ነኝ። ... ምሳ በልተሃል?