የአመለወርቅ ስም

አንድ የሳተላይት ምስል መቀበያ ጣቢያ ውስጥ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ልጃቸው አመለወርቅ ከሦስት ወር በፊት በመሬት መንሸራተት የሞተችባቸው ጡረተኛው የመንገድ ሥራ ፎርማን አቶ ወልደሐና፣ የልጃቸው አለቃ በነበረው በኢንጂነር ሽመክት ፊት ቆመዋል።

ወልደሐና፦ አልፈርምም አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልህ?

ሽመክት፦ ጋሽ ወልደሐና፣ ቢያንስ ይቀመጡ።

ወልደሐና፦ ለመቀመጥ አልመጣሁም። ስትጠሩኝ የልጄን ዕቃ የምትሰጡኝ መስሎኝ ነበር፤ እናንተ ወረቀት ዘረጋችሁልኝ።

ሽመክት፦ ዕቃዋም አለ፤ በካርቶን አስቀምጠንልዎታል። ይሄ ግን ክብር ነው፣ ጋሼ። ሦስተኛዋ ሳተላይት በሚቀጥለው ወር ትመጥቃለች። የፊተኞቹ ሁለቱ ከቁጥር በስተቀር ስም አልነበራቸውም። ይቺ «አመለወርቅ» ትባል ብለን በሙሉ ድምፅ ወሰንን። የቀረን የቤተሰብ ፈቃድ ብቻ ነው።

ወልደሐና፦ በሙሉ ድምፅ! ልጄ ስትጮህ ይሄ ሙሉ ድምፅ የት ነበር?

ሽመክት፦ እንዲህ አይበሉኝ። እኔም ቀብሬአታለሁ።

ወልደሐና፦ አልቀበርካትም። ጭቃ ቆፍሬ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ በሦስተኛው ቀን፣ በጫማዋ ለይቼ። አንተ ድንኳን ውስጥ ንፍሮህን ቆርጥመህ ሄድክ።

ሽመክት፦ እሺ፤ ይበሉ። ግን ይቺን ሳተላይት እሷም ደክማባታለች። ሁለተኛዋ የቤት ጣራ ነው የምታሳየን፤ ይቺ ላም ከጥጃ ትለያለች።

ወልደሐና፦ አንደኛዋ ደን አየች። ሁለተኛዋ ቤት አየች። ሦስተኛዋ ላም ልታይልን ነው። ሰው የምታየው ስንተኛዋ ናት?

ሽመክት፦ ይሳደቡ፤ ይገባዎታል።

ወልደሐና፦ ገና አልሰደብኩህም። ሁለተኛዋ ዳገቱ መሰንጠቁን አላየችም?

ሽመክት፦ አይታለች።

ወልደሐና፦ መቼ?

ሽመክት፦ ከመናዱ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብላ። ምስሉ ላይ ያገኘችው አመለወርቅ ናት። ያንኑ ዕለት ደብዳቤ አዘጋጀች፣ ያንኑ ዕለት ፈረምኩ። ይሄን እንኳ ይመኑኝ።

ወልደሐና፦ ከዚያስ?

ሽመክት፦ መዝገብ ቤት መለሰው።

ወልደሐና፦ ለምን? በስልክ ነግራኛለች፤ ካንተ አፍ ልስማው።

ሽመክት፦ ደብዳቤው «አባሪ ሁለት ገጽ» ይላል። እሷ ምስሉን በአንድ ትልቅ ወረቀት ነበር ያተመችው። አባሪው ይጎድላል ተብሎ ተመለሰ። አስተካክለን ስንልክ ዓርብ ሆነ። ከዚያ ወደ ክልል፣ ከክልል ዞን፣ ከዞን ወረዳ።

ወልደሐና፦ ሳተላይታችሁ ዓለምን በስንት ጊዜ ነው የምትዞረው?

ሽመክት፦ በመቶ ደቂቃ ገደማ።

ወልደሐና፦ ወረቀታችሁስ?

ሽመክት፦ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደረሰ።

ወልደሐና፦ እኔ ጭቃ እየቆፈርኩ! ልጄ ግን አልጠበቀቻችሁም። የዕረፍት ፈቃድ ሞልታ፣ ምስሉን ጠቅልላ በአውቶቡስ ሄደች። በር እያንኳኳች ሠላሳ አራት አባወራ አስወጣች። የቀሩትን ላምጣ ብላ ስትመለስ ነው የተናደባት። ይሄ ጠረጴዛህ ላይ የተቀመጠው ስልክ አይሠራም?

ሽመክት፦ ይሠራል። ያለ ደብዳቤ ለቀበሌ መደወል ግን ክልክል ነው። የተከለከለውም በእኔ ጥፋት ነው! በአንደኛዋ ሳተላይት ጊዜ አንድ መስመር አይቼ ስንጥቅ ነው ብዬ ደወልኩ። ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን መንደሩ ሙልጭ ብሎ ወጣ፤ ዝናብ መጣና አዝመራው ማሳ ላይ በሰበሰ። ለካ ያየሁት አዲስ እርከን ነው። ያን ዓመት እነዚያ ሰዎች ልጆቻቸውን ምን እንዳበሉ አላውቅም።

ወልደሐና፦ እርከን ከስንጥቅ መለየት ያቃተው ሰው ነው ሰማይ ላይ ዓይን ያንጠለጠለው?

ሽመክት፦ እስቲ እርስዎ ከላይ ሆነው ይዩት! ሁለቱም ቀጭን መስመር ናቸው። ይኸው፣ ይምጡ፣ እዚህ ስክሪኑ ላይ! ትናንት የገባ ምስል ነው። አራት ሰዎች ሆነን ተከራክረን አልተስማማንም። ምንድን ነው? ይንገሩኝ።

ወልደሐና፦ ቆይ፣ መነፅሬን ላድርግ። ዳገቱ ወዴት ነው የሚወርደው?

ሽመክት፦ ወደዚህ፣ ወደ ቤቶቹ።

ወልደሐና፦ ሠላሳ ዓመት ተራራ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። እርከን አግድም ይሄዳል፤ አንዱ ካለ ደግሞ ከሥሩ ሌላ አለ። አንድ እርከን ብቻ ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ገበሬ አላየሁም። ይሄ ብቻውን ነው። ጫፍና ጫፉን ተመልከት፤ እንደ ማጭድ ወደ ታች ታጥፏል። ከቤቶቹ በላይ ያለው ጥቁር ነገርስ?

ሽመክት፦ እርጥበት ይመስለኛል። ባለፈው ወር አልነበረም።

ወልደሐና፦ ውሃው አዲስ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው። እኔ ብሆን ሠራተኞቼን ምሳቸውን ሳላስጨርስ ነበር ከዚህ የማስነሣቸው። ስንት ቤት ነው?

ሽመክት፦ ሰማንያ ያህል።

ወልደሐና፦ ነገራችኋቸው?

ሽመክት፦ ደብዳቤው እየተዘጋጀ ነው።

ወልደሐና፦ አንተ ሰውዬ!

ሽመክት፦ ብሳሳትስ? ከሥራ መባረሩን ይተዉት። እንደገና የሰው ጎተራ ባዶ ባስቀርስ?

ወልደሐና፦ ከተሳሳትክ እኔ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ይሄ ሽማግሌ ነው ያሳሳተኝ በላቸው። ይስደቡኝ! አመለወርቅ ስልክ ሳላነሣላት ስቀር እንዴት ትቆጣኝ እንደነበር ታውቃለህ? አሁን የሚቆጣኝ ሰው የለም። ቤቱ ጭጭ ብሏል።

ሽመክት፦ ጋሼ፣ እኔ...

ወልደሐና፦ የስሟን ነገር ኋላ እንነጋገራለን፤ ይሄን ቅጽ አንሣልኝ። ስልኩን ወዲህ በል፣ እኔ እደውላለሁ።

ሽመክት፦ ይተዉት፤ የምደውለው እኔ ነኝ። ሄሎ? የቀበሌው ሊቀመንበር ነዎት? ሽመክት እባላለሁ፤ ከሳተላይት ጣቢያው ነው። ስብሰባ ላይ ነዎት? አቋርጠው ይውጡና ይስሙኝ፤ ከዳገቱ ሥር ያለውን ሰው አሁኑኑ ያስነሡ፣ አልጋ የያዘ ካለ መጀመሪያ እሱን።