ከሰልፍ የወጣው ሰው

ከወሎ ሰፈር ወደ መድኃኔዓለም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ ሥራቸው ያወራሉ። እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋለች፤ እሱ አላደረገም።

«የክሊኒኩ ፕሮግራም ኤረር አሳየ እንዴ?»

«ምንም አላሳየም። ያስፈራኝም እሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«የላብራቶሪ ውጤታቸው አሳሳቢ የሆነ ሰዎች ስም ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ‹ቶሎ ይምጡ› የሚል ሜሴጅ እንልካለን። እኔ በጻፍኩት ፕሮግራም ውስጥ፣ መላክ ሳልጀምር ሰው መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ ከዝርዝሩ ቀጣዩን ስም ጠራሁ።»

«እሺ፣ ጠራሽ።»

«መኖሩን አየሁና መላክ ጀመርኩ።»

«የጠራሽውን ሰው የት አደረግሽው?»

«የትም።»

«አንቺ! የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው አለ ወይ ብለሽ አንዱን አውጥተሽ፣ ከኋላው ያለውን አሳፈርሽ ማለት እኮ ነው!»

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል። አንዴ ከወጣ ደግሞ ወደ ሰልፉ አይመለስም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ። በየቀኑ የመጀመሪያው ሰው ሜሴጅ አልደረሰውም።»

«ደውሎ የጠየቀ የለም?»

«ምን ብሎ ይጠይቃል? ካልጠሩኝ ደህና ነኝ ብሎ ቁጭ ብሏላ።»

«ለአለቃችን ነግረሽዋል?»

«አሁን ልነግረው ነው።»

«በይ ተነሽ፣ ደርሰናል። ወራጅ አለ!»

ጠዋት የላብራቶሪ ውጤቷን ከክሊኒክ የምትጠብቀውን እማዬን «ካልጠሩሽ ደህና ነሽ ማለት ነው» ብዬ አጽናንቻት ነበር ከቤት የወጣሁት፤ መውረጃዬ ሳይደርስ ተከትያቸው ወረድኩ።