ውዱና ርካሹ ኪራይ በአንድ ማሽን ላይ ስለመሆናቸው የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ራዶስቲና ኮሌቫ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የሰርቨር አከራይ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ስታራ ዛጎራ ከተማ፣ ቡልጋሪያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ትናንት በመሥሪያ ቤታችን ስለደረሰው የንብረት ውድመት ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ድርጅታችን ሰዎች በኮምፒውተር ውስጥ ለሚሠሩት ምናባዊ ዓለም ቦታ ያከራያል። ተከራዩ ቤት ይሠራል፣ መንገድ ያወጣል፣ እንግዳ ይጠራል። ተጠርጣሪውን ስታሜን ጉንቼቭን በደንበኝነት ስድስት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ በአገራችን ትልቅ ሰው እንደሚጠራው በአክብሮት ባይ ስታሜን እያልኩ ነው የምጠራቸው። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። የተወለዱባትን፣ ግድብ ሲሠራ ውኃ የበላትን መንደር በድሮ ካርታቸው እየተመሩ ቤት በቤት ሰርቨር በሚባለው ማሽናችን ላይ መልሰው ሠርተዋታል። ሰዎቿ ጀርመንና ስፔን ተበትነዋል፤ የሚገናኙት እዚያ ብቻ ነው።

ኦክቶበር 21 ቀን ከረፋዱ 5፡00 ሰዓት ገደማ ደወሉልኝ። ባለቤታቸው ፔንካ በበጋ ስላረፉ፣ በሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ የመንደሩን ሰው እዚያ ሊሰበስቡ ነበር። «ልጄ፣ ስልሳ ሰው ይመጣብኛል። ርካሹ ኪራይ ይችለዋል ወይስ ውዱን ልውሰድ?» አሉኝ። ውዱ የሚሰጠው ሰፊ መሬትና ብዙ ዕቃ የማስቀመጥ ፈቃድ ነው። ማሽኑ ያው ነው፤ ፍጥነት የሚባል ነገር አይጨምርም። ይህን አውቅ ነበር። አለቃችን ግን ደንበኛ ሲጠይቅ «አይ» እንዳንል ከልክሎናል። ስለዚህ «ውዱ ይሻላል፣ ባይ ስታሜን» አልኳቸው። «አንቺ ካልሽ አለቀ» ብለው ስልኩን ዘጉ። በወር ከሃያ ሌቫ ወደ መቶ አሥር ሌቫ ኪራይ ተዛወሩ።

ኖቬምበር 2 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ጀምሮ 58 ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ወደ መንደሯ ገቡ። በወጋችን ሰው ለሞቱበት ሁሉ ለየብቻ ሻማ ያበራል፤ ሻማው ሦስት መቶ አለፈ። በኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱን ነበልባል የሚያወዛውዝ የራሱ ፕሮግራም አለ። ርካሹ ኪራይ ቢሆን ግማሹን ሻማ ይከለክል ነበር፤ ውዱ ሁሉንም ፈቀደ፤ ማሽኑም አልቻለም። የሙታን ስም ሲጠራ ፔንካ ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ቆመ፤ ከዚያ ማሽኑ ሰዎቹን በሙሉ ከመንደሯ አስወጣ። ይህን ከማሽኑ መዝገብ አይቻለሁ።

ትናንት ሰኞ ከረፋዱ 5፡20 ሰዓት ባይ ስታሜን ወደ ቢሮ መጡ። ከመታሰቢያው የተረፈ የተቀቀለ ስንዴ በዕቃ ይዘው ነበር፤ ለእኔም ዘገኑልኝ። ነፍስ ይማር ብዬ በላሁ። እፍረቴን የማስገባበት ጠፋኝ። «ልጣላ አልመጣሁም፣ ልጄ። ውዱን ማሽን ብቻ አሳዪኝ» አሉ። አለቃችን ስላልነበረ ወደ ማሽኖቹ ክፍል አስገባኋቸው።

«ይኼ ነው» አልኳቸው።

«ርካሹስ?»

«እሱም ይኼው ነው።»

ማሽኑን ትክ ብለው አዩት። «በስልሳ ሰው ፊት ሚስቴን አዋረድሽብኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሡ። ከዚያ በር ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ አወረዱ።

መንደሯ በዚያ ማሽን ውስጥ ነበረች። «በየቀኑ ቅጂ እንይዛለን» ብለን ለውዱ ደንበኛ የምንሸጠው ቅጂም እዚያው ውስጥ ነበር። ባይ ስታሜን እኛን አምነው ቤታቸው ሌላ ቅጂ አላስቀመጡም። እሳት ማጥፊያው ከባድ ስለሆነ እስኪያነሡት ጊዜ ነበረኝ፤ ቆም በሉ ማለት እችል ነበር። የቅጂው ነገር፣ ሁለተኛው ውሸታችን፣ እንዳይወጣ ፈርቼ ዝም አልኩ። አራት ጊዜ መቱት።

ሲጨርሱ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «መንደሯ ግን ሌላ ቦታ ተቀምጣለች አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። «የለችም» አልኳቸው። ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ፖሊስ እስኪመጣ አልተነሡም።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ደውሎ ማሽኑ ያው መሆኑ ለተጠርጣሪው ቀድሞ ተነግሮታል ብዬ እንድመሰክር ነግሮኛል። አልተነገራቸውም። ቃሌ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ፤ የሚጨመርም የሚቀነስም የለበትም፤ ሁሉም እውነት ነው። ባይ ስታሜን በስልክ ሲጠይቁኝ ልነግራቸው የሚገባኝን ለፖሊስ ተናግሬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ራዶስቲና ኮሌቫ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ኦግኒያን ትሪፎኖቭ