ስም የማይጠራበት እደላ

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ ከሐጂ ካሚል ጋር ተገናኘን። ሐጂ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ በመነገድ የታወቁ ሰው ናቸው። በጦርነቱ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ወደ ከተማችን ሲመጡ፣ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም እህል ያሰባሰበውን ኮሚቴ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤታቸው ነርሷ ሂዳያም አብራቸው ስለነበረች ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን።

ሐጂ የሚሄዱት ዱቄት ወደሚታደልበት ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ የተረጂው ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ሲቀበልም ፎቶ ይነሳል። ሂዳያ ይህ እንዲቀር በትሕትና ለመነቻቸው። ከማጀቴ ከተማ ተፈናቅሎ የመጣው ነጋዴ አብዱልመጂድ ስሙ እየተጠራ እንደማይቀርብ፣ አራስ ሚስቱ ራቢዓም ምግብ አንሷት አቅም እንዳጣች ነገረቻቸው።

«የራበው ሰው ምን ያሳፍረዋል?» አሉ ሐጂ። «እኔ ክፉ ቃል አልተናገርኩት።»

«አልተናገሩትም፣ አባባ። ግን እዚሁ ገበያ ማሾ በኩንታል ሲያስረክብ የሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው እጁን ዘርግቶ ፎቶ የሚነሳው።»

«ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ በየቤቱ በስውር ይዳረስ ተብሎ ነበር። ግማሹ ዱቄት የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። ሰዉም ‹ሌቦች ናችሁ› አለን። ሁሉ ነገር በአደባባይ ይሁን ያልኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። ሂዳያም አልናቀችውም። ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «አደባባይ መውጣት ያለበት እህሉ ነው እንጂ የተቸገረው ሰው ፊት አይደለም» አለች። «ስንት ኩንታል እንደገባና እንደወጣ ለሕዝብ ይነገር። ማን እንደወሰደው ኮሚቴው ካወቀ ይበቃል።»

ባጃጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲቆም ሦስታችንም ወረድን።

እደላው ሲጀመር አብዱልመጂድ መጥቶ አጥሩ ጥግ ቆሞ አየነው። ስሙ ሲጠራ ትንሽ ተራመደ። አንድ ወጣት ስልኩን አንሥቶ ሲያነጣጥርበት ግን ሽርጡን አጥብቆ ወደ መጣበት ተመለሰ። ሐጂ ድምፅ ማጉያውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ተከተሉት፤ እኔና ሂዳያም ከኋላቸው ሄድን።

በተከራየው ጠባብ ክፍል ውስጥ ራቢዓ ሕፃኑን ታቅፋ ተኝታ ነበር። አብዱልመጂድ ያለችውን አንዲት በርጩማ ለሐጂ አቀረበላቸው። ለምን እንደተመለሰ ጠየቁት።

«ሐጂ፣ ጦርነቱ ቤቴንም ሱቄንም ወስዶታል» አለ። «የቀረኝ ገበሬው አምኖ እህሉን በዱቤ የሚሰጥበት ስሜ ነው። እሱንም የለማኝ ስም ካደረግሁት ነገ በምን እነግዳለሁ?»

ሐጂ ወደ ሂዳያ ዞር ብለው፣ «ልክ ነሽ። ለዱቄቱ የተጠነቀቅሁትን ያህል ለሰውየው አልተጠነቀቅሁም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የገባውና የወጣው እህል ዓርብ ከሶላት በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ይነገራል። ድርሻውን በየቤቱ የሚያደርሱት ከሁለቱም ወገን የተመረጡ እናቶች ናቸው። ቤታቸውን ዘግተው ይራቡ የነበሩ ቤተሰቦች ታወቁ። የስርቆቱ ሐሜት ስለቀረ እህል የሚሰጠውም ሰው በረከተ። ራቢዓ በረታች። አብዱልመጂድ ደግሞ ከዱቄት ይልቅ ሚዛን እንዲያውሱት ሐጂን ጠይቆ፣ ከየቀበሌው ገበሬ ማሾ በዱቤ እየሰበሰበ መነገድ ጀመረ። ሰውን ከነክብሩ የረዳ ከተማ፣ ነገ ራሱን የሚችል ጎረቤት ያገኛል የምለው ይህን አይቼ ነው።

በቅርቡ አዲስ ተፈናቃዮች መጡ። ትናንት አብዱልመጂድን ዱቄት የሞላ ጆንያ ተሸክሞ በሰፈራችን ሲያልፍ አገኘሁትና ለማን እንደሚወስድ ጠየቅሁት።

ጤንነቴን ጠየቀኝ፤ የቤተሰቤንም ደኅንነት ጠየቀኝ፤ ከዚያ የማንንም ስም ሳያነሳ ጆንያውን ትከሻው ላይ አመቻችቶ መንገዱን ቀጠለ።