የነቃሿ አንገት

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጦርነቱ ከሰሜን ወሎዋ ሀብሩ ወረዳ ፈቀቅ ባለ በወሩ፣ በስጋት ሲገፉ የከረሙት ሠርጎች ሁሉ ጥር ላይ ባንዴ ተደገሱ። ወይዘሮ ዘነበችም መርፌያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከውርጌሳ ወደ መርሳ ተሳፈሩ። በአገሩ የታወቁ ነቃሽ ናቸው። የአቶ ንጉሴ ልጅ ብርቄ አንገቷ አበጥ ስላለ፣ ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት እናቷ እንዲነቅሱላት ልካባቸው ነበር።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት ነኢማ ትባላለች፤ የመርሳ ነርስ ናት።

«ወዴት ነዎት እማማ?» አለቻቸው።

«ሠርግ ቤት ነኝ ልጄ። ሙሽራይቱን ብርቄን እንቅርት ጀምሯታል፤ ነቅሼ ላጠፋላት ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎስ መቼ ተነቀሱ?» አለች ነኢማ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ብቅ ያለውን ንቅሳት አይታ።

«በአሥራ ሁለት ዓመቴ።»

«ያኔ እብጠቱ ምን ያህል ነበር?»

«ሽንብራ ቢያህል ነው።»

«ዛሬስ?»

ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ። ከንቅሳቱ ሥር ያለው እብጠት ትልቅ ሎሚ አክሏል። «ባልነቀስ ኖሮ ዱባ ያህል ነበር!» አሉ ቆጣ ብለው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ።

ነኢማ ግን አልተወቻቸውም። «ከነቀሷቸው ሴቶች የጠፋላት አለች?»

አሮጊቷ ብዙ አንገት በዐይነ ሕሊናቸው አሳለፉ። ውሸት አይሆንላቸውም። «ንቅሳቱ አምሮባቸዋል» አሉ ቀስ ብለው፤ «እንቅርቱ ግን... እንዳለ ነው።»

«ምክንያቱም መርፌው የሚነካው ቆዳውን ብቻ ነው። ከሥሩ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ፤ ለሰውነታችን ሙቀትና ጉልበት የሚሆነውን ነገር የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጣ ይታገልና ያብጣል። በመርፌው ደግሞ የጉበት በሽታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል።»

«አዮዲኑ ከየት ይመጣል?»

«አዮዲን ከተጨመረበት፣ ከታሸገው ጨው።»

«እሱንማ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ገዛሁ። ቆሻሻ አይጠፋውም ብዬ አጥቤ አሰጣሁት።»

«አዮዲኑን ከእጣቢው ጋር ደፉታ! አይጠቡት፤ ፀሐይም እሳትም እንዳያገኘው ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። አብዝተው አይደለም፤ በልኩ። እንቁላልና ወተት፣ ከተገኘም ዓሣ ይረዳል። ለብርቄ የምፈራላት ደግሞ ነገ ስታረግዝ ነው፤ እናት አዮዲን ካጣች የልጁ አእምሮ ይጎዳል።»

«የኔስ በጨው ይጠፋል?»

«አልዋሽዎትም፤ የቆየ ነውና ወልድያ ሐኪም ይየው። የብርቄንም ቢሆን እንደ እርስዎ ሥር ሳይሰድ መርምረን እንወቀው።»

መርሳ ሲደርሱ ወይዘሮ ዘነበች የነኢማን እጅ ይዘው ሠርግ ቤት ገቡ። ብርቄ አንገቷን ታጥባ፣ ፊቷ ገርጥቶ ተቀምጣለች።

«ለእንቅርት ብዬ ከእንግዲህ አልነቅስም» አሉ አሮጊቷ።

«ምን አስቀየምንዎት?» አለች የሙሽራይቱ እናት ደንግጣ።

ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላይ አወረዱ። በሰው ፊት ሲገልጡት የመጀመሪያቸው ነው። «እኔን እዩኝ። ቢያድን ኖሮ ነቃሿን ባዳነ! ሳላውቅ አሳሳትኋችሁ፤ አሁን ይህችን ነርስ ስሟት።»

መርፌውን ስትፈራ የቆየችው ብርቄ ብድግ ብላ እልል አለች። ሙሽራ በገዛ ሠርግ ቤቷ እልል ስትል ማን አይቶ ያውቃል? ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ነኢማ «እስኪ ዋጥ አድርጊ» እያለች ያንዷን አንገት ስትዳስስ ሌላዋ ትሰለፍ ጀመር፤ ሚዜዎቹም ሳይቀሩ።

ከዓመት በኋላ፣ ሰላም ወርዶ፣ ብርቄ ደንዳና ወንድ ልጅ ወለደች። እሷም በነኢማ ምክርና በሐኪም ክትትል እብጠቷ ጎድሎላታል። ወይዘሮ ዘነበችን የወልድያው ሐኪም መርምሮ ክፉ እንዳልሆነ ነገራቸውና በየጊዜው ይታያሉ። የታሸገ ጨው ዋጋው ቀላል፣ ጥቅሙ ግን ለእናትም ለልጅም መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያስረዳ በሀብሩ አልተገኘም። ጨው ስታጥብ ያገኟትን ሴት እጅ ይዘው እንዲህ ይሏታል፦

«ተይ ልጄ፣ የምትደፊው የልጅሽን ትምህርት ነው።»