የገጸ ከልባቱ ቀራጭ የአቶ ኃይለገብርኤል ዘውገ ዜና ሕይወት

አቶ ኃይለገብርኤል ዘውገ ከአባታቸው ከአናጺው ከአቶ ዘውገ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርትሁን አበጋዝ በ1948 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። ወሩን በተመለከተ እናታቸው የገብስ አጨዳ ሳያልቅ ነው ይሉ ነበር፤ ታላቅ እህታቸው ደግሞ ካለቀ በኋላ ነው ይላሉ። ይህን ያጠናቀረው የእህታቸው ልጅ ያላረጋገጠውን ላለመጻፍ ስለወሰነ ቀኑን ትቶታል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውንም በዚሁ በጎባ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ አባታቸው በሕመም ምክንያት ሥራ በማቆማቸው መጋዙንና መላጊያውን ተረክበው ቤተሰቡን ማስተዳደር ጀመሩ።

በ1971 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ የሚገኝ የአንድ ደሴት ገዳም በሮችና መስኮቶች ሲታደሱ ከአናጺዎቹ አንዱ ሆነው ዐሥራ አራት ወራት ሠሩ። በዚያም ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እንደቆዩ የሚነገርላቸውን፣ በእንጨትና በብራና ላይ የተሣሉ ቅዱሳት ሥዕሎች ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ዓይናቸውን የሳበው በሰማዕታቱ እግር ሥርና በሥዕሉ ዳርቻ ያለው ፍጥረት ነበር፤ ክንፍ ያለው ዘንዶ፣ የሰው ፊት ያለው አንበሳ፣ ጅራቱ እባብ የሆነ ቀንዳም ጋኔን። እነዚህን በደብተር ሲገለብጡ ያዩአቸው አንድ አረጋዊ መነኩሴ የጥንት ሠዓሊዎችን ሥርዓት አስተማሯቸው፤ ጻድቅ የሆነ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፣ በክፋቱ የጸና ግን ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። አቶ ኃይለገብርኤል ይህን ሥርዓት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጣሱም።

ወደ ጎባ ተመልሰው በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደጊቱ ተፈራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ቢፍቱንና ለሚን ወለዱ። ቀን በር፣ አልጋና የሬሳ ሣጥን ሲሠሩ ውለው፣ በትርፍ ሰዓታቸው ከተረፈው የወይራ ቁራጭ እነዚያን ፍጥረታት በጣት ቁመት መቅረጽ ጀመሩ። ሃያ አራት ዓይነት ነበሩ፤ በእያንዳንዱ እግር ሥር ቁጥሩን ይጽፉበታል። የሃያ ሁለቱ ፊት ወደ አንድ ወገን የዞረ ሲሆን፣ በሌላው ወገን ዓይን ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ልሙጥ እንጨት ነው።

ቅርጾቹን ለገበያ ያወጡት በሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ወዳጃቸው አቶ መሀመድአወል ናቸው። ሰው አንዱን ገዝቶ ከሄደ በኋላ ቀሪዎቹን ፍለጋ ይመለስ ነበር፤ አንድ የሀዋሳ መምህር ቁጥር ዐሥራ ሰባት ጎደለብኝ ብለው ሁለት ጊዜ ሮቤ ድረስ ተመላልሰዋል። አቶ መሀመድአወልም፣ «ኦቦ ኃይሌ፣ ፈረንጁ ቀይ ቀበሮ አያለሁ ብሎ ሳነቴ ተራራ ወጥቶ ብርድ ይዞ ይመለሳል፤ ከእኔ ሱቅ ግን መስቀል የያዘ ቀበሮ ይዞ ይሄዳል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አቶ ኃይለገብርኤልም፣ «ቀበሮ አይደለም አልኩህ እኮ፣ መሀመድ» ይሏቸዋል።

ቀበሮ የተባሉት ቁጥር ሃያ ሦስትና ሃያ አራት ናቸው። እነዚህ በቅዱስ መርቆሬዎስ ገድል የሚነገርላቸው፣ የሰማዕቱን አያት ከበሉ በኋላ አምነው ለቤተሰቡ ያደሩ ሁለቱ ገጸ ከልባት፣ ማለትም ፊታቸው የውሻ የሆነ ሰዎች ናቸው። በማመናቸውም አቶ ኃይለገብርኤል ሁለት ሁለት ዓይን ቀረጹላቸው። እርሳቸውም የተፈረደባቸው በዚህ ነው።

የአጥቢያቸው አዲስ ቤተ ክርስቲያን በሮች እንዲሠሩ ቃል ተገብቶላቸው፣ ለዚሁ ሲሉ ሦስት ዓመት ጣውላ ሲያደርቁ ቆይተው ነበር፤ ከዚህ በፊት ለብዙ ቤት በር ሠርተዋል፣ የቤተ ክርስቲያን በር ግን በጣና ካደሱት በቀር አዲስ ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ይሆን ነበር። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባል ቁጥር ሃያ አራትን ስብሰባ ላይ ይዘው ቀረቡ፤ «ይኸው፣ ለሰይጣን የቅዱስ ዓይን ሰጠው» አሉ። ከተቀመጡት ዘጠኝ ሰዎች አንድም ይህ ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። አቶ ኃይለገብርኤል ተጠርተው፣ «ኅዳር ሃያ አምስት ቀን ቆማችሁ የምትሰሙት የማንን ገድል ነው?» ብለው ወጡ፤ ይህም እንደ ድፍረት ተቆጠረባቸው። በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያ የጣዖት ሠሪ ተብለው ከማንኛውም አገልግሎትና ወደ ቅጽሩ ከመግባት መታገዳቸው ተነገረ፤ በሩም ከብረት እንዲሠራ ለሌላ ተሰጠ።

የእህታቸው ልጅ እንዳይሳሳት በመስጋት ባለፈው ኅዳር ሃያ አምስት፣ በመርቆሬዎስ በዓል ዕለት፣ ቅርጹን በኪሱ ይዞ ከዚያው አጥቢያ የቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ቆሞ አስተያይቷል። ገጸ ከልባቱ በሰማዕቱ ፈረስ አጠገብ ቆመዋል፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። የሥዕሉን መጋረጃ በስጦታ ያስገቡት ከሳሹ ራሳቸው ሲሆኑ ስማቸው በጠርዙ ላይ ተጠልፏል። በየዓመቱ መጋረጃው ሲገለጥ የሚሰግዱለትን ሥዕል አንድ ቀን ቀና ብለው ቢያዩት ኖሮ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጥር ውጭ ቆሞ ባላስቀደሰ ነበር።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከአጥቢያው ሰው ቤታቸውን ደፍሮ የረገጠ ጥቂት ነው። አቶ መሀመድአወል ግን በየሳምንቱ ከሮቤ እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር፤ አንድ ጊዜም ኮሚቴው ዘንድ ቀርበው፣ «እኔ የእናንተን ገድል አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሱቄ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ ነግረውኛል፣ እናንተን ማን ከለከላችሁ?» ብለው ተናግረዋል።

አቶ ኃይለገብርኤል የልብ ድካም ጸንቶባቸው ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው በዚህ ሳምንት ሰኞ ረፋድ ላይ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ማክሰኞ ጧት እገዳው መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለወይዘሮ ደጊቱ ደረሰ። ደብዳቤው የሆነውን «አለመግባባት» ይለዋል፤ ጉዳዩም በዚህ ዜና ሕይወት ውስጥ እንዳይነሣ በቃል ተጠይቋል። አለመግባባት ሁለት ወገን ሲነጋገር የሚፈጠር ነው፤ እርሳቸውን ያነጋገረ የለም። ስለዚህ ቃሉ አልገባም፣ ጉዳዩም አልተዘለለም። ወይዘሮ ደጊቱ ደብዳቤውን መልሰዋል፤ የቤተሰቡም ጥያቄ አንድ ነው፤ በመጪው እሑድ፣ እገዳው በተነገረበት ዐውደ ምሕረት፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ስማቸው ይመለስ።

አቶ ኃይለገብርኤል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደጊቱን፣ ልጆቻቸውን ቢፍቱንና ለሚን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እህታቸውንና የአርባ ዓመት ወዳጃቸውን አቶ መሀመድአወልን ትተው ሄደዋል። ከአጥር ውጭ የቆመውን የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ወደ ውስጥ ያግባልን፤ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም እሑድ እስኪደርስ ትዕግሥቱን ይስጠን። አሜን።